ከፍ የተደረገች መኪና የሚጎድላት ካስተር ነው፦ ለአንድ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በድሬዳዋ የመኪና ወዳጆች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የከረመ ጽሑፍ አለ። መኪናቸውን ከፍ ላስደረጉና ለማስደረግ ላሰቡ ሰዎች የተጻፈ ምክር ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ መኪና ከፍ ማድረግ የጎማ አቀማመጥን ብዙም አይነካም፤ መሪው ወደ ጎን ካልጎተተ፣ ጎማውም ካልተበላ አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከል) አያስፈልግም፤ ቢያስፈልግም ማሽን ላይ አንዴ መውጣት ይበቃል፤ ለሃይሉክስም ለላንድክሩዘርም 5 ሴንቲ ሜትር ስፔሰር (ሞላው ላይ የሚጨመር ማስነሻ ቁራጭ) ጣጣ የለውም፤ መሪ ከተንቀጠቀጠ ዳምፐሩን (የመሪን ንዝረት የሚያፍነውን ዕቃ) መቀየር ነው፤ ካስተር (የመሪ ዘንጉን ወደ ኋላ ዘመም) መጨመር የሚፈልግ ደግሞ አክስሉን ከሻንሲው የሚያገናኘውን ክንድ ቀዳዳ አስፍቶ በብየዳ ይጨርሰዋል።

ጸሐፊው መኪና የሚወዱ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ደግሞም ትክክል ያሉት ነገር አለ፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ነገር ግን ሰዎች ጽሑፉን ስልካቸው ላይ ይዘው ጋራዥ እየመጡ “አቦ፣ እንደዚህ ሥራልኝ” ማለት ስለጀመሩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ከፍ ማድረግ አቀማመጥን አይነካም ከሚለው። ይህን ለመናገር መጀመሪያ ስለ የትኛው መኪና እንደምናወራ መለየት ነበረባቸው። እኛ ዘንድ በብዛት ከፍ ስትደረግ የማያት ላንድክሩዘር 70 ናት፤ ሃርድቶፗም ፒክአፗም። እነዚህ ሁለቱን የፊት ጎማ አንድ ወጥ አክስል ያያያዛቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የተሠሩት ከፊት የሚቀመጡት በሞላ ነው፤ አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት ደግሞ ከጎማው ወደ ኋላ የሚሄዱ ሁለት ክንዶች ናቸው። ሻንሲው ሲነሳ የክንዱ የኋላ ጫፍ አብሮ ይነሳል፤ የፊተኛው ጫፍ ግን አክስሉን ጨብጦ ስለያዘ አክስሉን ወደ ፊት ያዞረዋል። ካስተር የሚባለው የመሪ ዘንጉ ወደ ኋላ ያለው ዘመም ነው። አክስሉ ወደ ፊት በዞረ ቁጥር ያ ዘመም እየቀነሰ ይሄዳል።

ስንት ይቀንሳል? ሒሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል። ክንዱ 1 ሜትር ቢሆንና ሻንሲው 5 ሴንቲ ሜትር ቢነሳ፣ መዞሩ ወደ 3 ዲግሪ ይጠጋል። ክንዱ ካጠረ ደግሞ ይብሳል። ተመሳሳይ አሠራር ያላት ላንድክሩዘር 80 ከፋብሪካ ስትወጣ ያላት ካስተር 3 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ያየ ሰው፣ “ብዙም አይነካም” የሚለው ቃል ምን ያህል እንደራቀ ይገባዋል። ያላትን ካስተር ጠቅላላ ልታጣው ትችላለች ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ጽሑፉ ጨርሶ አላነሳውም። ብዙ ሰው ጭነት ይችልልኛል ብሎ ኋላዋን ከፊቷ አብልጦ ያስነሳል። ሃርድቶፕ 78 ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያላት ርቀት 2,980 ሚሊ ሜትር ነው። ኋላዋ ከፊቷ በ5 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ መኪናዋ በአፍንጫዋ ታጎነብስና ሌላ 1 ዲግሪ ገደማ ካስተር ትወስዳለች። ስለዚህ ባዶዋን ስትሄድ የምትዋዥቀው መኪና ጭነት ሲገባባት የምትረጋበት ምክንያት አለ፤ ኋላዋ ሲወርድ ካስተሩ ይመለሳል። ሹፌሮች “ጭነት ትወዳለች” ይላሉ። መውደዷ ሳይሆን አንግሉ ነው። በዚህ ምክንያት ካስተር ስታስለካ መኪናዋ ብዙ ጊዜ በምትሠራበት ጭነት ብትሆን ይመረጣል፤ ዘወትር ውኃና ዕቃ ለምትጭን መኪና ባዶዋን ለክቶ መፍረድ ትርጉም የለውም።

ካስተር ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማወቅ የሳይክል ሹካን ማየት ይበቃል። ሹካው ወደ ኋላ ዘንበል ማለቱ ሳይክል ያለ እጅ ቀጥ ብላ እንድትሄድ ያግዛታል። መኪና ላይም ከጥምዝ ስትወጣ መሪው በራሱ ወደ መሃል የሚመለሰው በዚሁ ነው። ካስተሯን ያጣች መኪና ወደ ሐረማያ በሚወስደው የደንገጎ ዳገት ከጥምዝ ስትወጣ መሪው እንደተጣመመ ይቀራል፤ አንተ ነህ የምትመልሰው፤ መልሰህም ታሳልፈዋለህ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ሐረማያ ስትወጣ 2,000 ሜትርን ታልፋለህ። ሽቅቡ ላይ ፍጥነት ስለሌለ ብዙም አይሰማህም፤ ጉዱ ስትወርድ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ያኔ ይሰማሃል። በሽንሌ በኩል ወደ ደወሌ በሚሄደው ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ደግሞ ነፋሱ ከጎን ሲመታት እጅህ ከመሪው ጋር ሲታገል ይውላል።

እዚህ ጋ ሁለተኛው ነጥባቸው ይመጣል፤ መሪ ካልጎተተና ጎማ ካልተበላ ሰላም ነው የሚለው። ካስተር ጎማ አይበላም። የጎማ ጠላቶች ቶ (ከላይ ሲታዩ የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞራቸው) እና ካምበር (ከፊት ሲታይ ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ) ናቸው። ሁለቱም በኩል እኩል የቀነሰ ካስተር መሪውን ወደ ጎንም አይጎትትም፤ የሚጎትተው ግራና ቀኙ ሲለያይ ነው፤ ያኔም ካስተሩ ወዳነሰው ወገን ነው። እንግዲህ አንድ ወጥ አክስል ያላት መኪና ከፍ ስትደረግ ሁለቱም በኩል አብሮ ስለሚቀንስ ጸሐፊው ጠብቁ ያሏቸው ሁለቱም ምልክቶች ላይታዩ ይችላሉ። ሰውዬው ጎማውን ዳብሶ፣ መሪውን ለቆ አይቶ፣ ደህና ነው ብሎ ደንገጎን ይወርዳል። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። መታየት ያለበት ምልክት ሌላ ነው፦ ከጥምዝ በኋላ መሪው በራሱ ይመለሳል ወይ? ቀጥ ባለ መንገድ ላይስ መሪውን ሳታርም ስንት ርቀት ትሄዳለህ?

አንድ ማሳሰቢያ፤ ትንሽ ወደ ቀኝ መንሸራተት ካለ ወዲያው መኪናዋን አንኮንን። በቀኝ ስለምንነዳና አስፋልቱ ለውኃ ማፍሰሻ ወደ ዳር ስለሚዘም ደህና መኪናም በቀስታ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ከመፍረድህ በፊት ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልግ።

ሦስተኛው፣ ማሽን ላይ አንዴ መውጣት ይበቃል የሚለው፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጥልበት ነው። ማሽኑ ይለካል እንጂ አያስተካክልም። አንድ ወጥ አክስል ባላት ላንድክሩዘር ላይ የአላይመንት ባለሙያው በቁልፍ ሊነካው የሚችለው ቶውን ብቻ ነው፤ ለካምበርም ለካስተርም የሚዞር ቡሎን ፋብሪካው አላስቀመጠም። አስቂኙ ነገር ይሄ ነው፤ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘው ታይሮድ ከአክስሉ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ሻንሲው ቢነሳም ቶው አይለወጥም። ስለዚህ ከፍ ያስደረገው ሰው ማሽን ላይ ወጥቶ፣ ያልተበላሸውን አስተካክሎ፣ የተበላሸውን እንዳለ ይዞ ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ ቶው አረንጓዴ ነው። ካስተሩ ጋ ያለችውን ቀይ ቁጥር ማንም አያነብለትም፤ ቢጠይቅም “ይሄ መኪና ላይ አይስተካከልም” ይባላል። አይስተካከልም የተባለው በቁልፍ ነው፤ በብረት ሥራ ይስተካከላል።

ይህን ስል ማሽን አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ካስተርን በትክክል የሚነግርህ እሱ ነው፤ ከፍ ከመደረጉ በፊትና በኋላ ለክተህ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ብታስቀምጥ ምን ያህል እንደጎደለህ፣ ምን ያህል መመለስ እንዳለብህ ታውቃለህ። እንጂ ለቶ ብቻ ከሆነ ግቢህ ውስጥ ልትለካው ትችላለህ። የፊት ጎማዎቹን በየተራ በክሪክ አንስተህ እያሽከረከርክ በሚስማር ጫፍ ጎማው መሃል ላይ ዙሪያውን መስመር አስምር። አውርዳትና ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ግፋት፤ እግሯ ይረጋጋል። ከዚያ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት በቸርኬው መሃል ከፍታ ላይ መጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከኋላ ለካ። የፊቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ካነሰ ቶ ኢን ነው፤ ስንት መሆን እንዳለበት የመኪናዋ መመሪያ ይናገራል። ይህን ሥራ የናቀ ሰው ዋጋውን ይወቅ፤ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ ጠቅላላ 6 ሚሊ ሜትር ቶ ካለ እያንዳንዱ ጎማ በየኪሎ ሜትሩ 4 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋቀ ይሄዳል። በድሬ የቀትር አስፋልት ላይ ደግሞ አስበው።

ስፔሰሩን በተመለከተ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ መኪናዎችን አንድ አድርገዋል። ላንድክሩዘር 70 ላይ ሞላው በቀጥታ አክስሉ ላይ ስለሚቀመጥ 5 ሴንቲ ሜትር ስፔሰር 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያነሳል። ቪጎና ሬቮ ሃይሉክስ፣ ፕራዶ 120 እና 150 ግን የፊት እግራቸው ለየብቻ ነው፤ ሞላና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ ሆኖ የሚቆመው በታችኛው ክንድ ወገብ ላይ እንጂ ጫፉ ላይ አይደለም። በዚህ የተነሳ ከራሱ ላይ የገባ 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ እጥፍ ይጠጋል። 5 ሴንቲ ሜትር ስፔሰር ያስገባ ሰው መኪናዋን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ሊያነሳት ነው። የፊት አክስሎቹ መጋጠሚያ ከልኩ በላይ ይታጠፋል፤ ላስቲኩ ይቀደዳል፤ በተቀደደው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይገባል፤ ቀሪውን ታውቁታላችሁ። የላይኛው ቦል ጆይንትም ከመጨረሻው ጋር ይጋጫል።

እነዚህ መኪናዎች ላይ ከፍ ማድረግ ካስተርንም፣ ካምበርንም፣ ቶንም በአንድ ጊዜ ያዛባል። ደግነቱ በታችኛው ክንድ ላይ የሚዞሩ ባለ ምልክት ቡሎኖች ስላሏቸው እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ድረስ ብዙውን ጊዜ ወደ ልኩ ይመለሳሉ። ከዚያ ካለፈ የላይኛውን ክንድ ለዚሁ በተሠራ መቀየር ነው። ባለሙያውን አንድ ነገር ጠይቁት፤ ካምበሩ ከልኩ ሳይወጣ ካስተሩን የቻለውን ያህል ይጨምርላችሁ፤ ቶውን ደግሞ በመጨረሻ ይንካ። ቶውን አስቀድሞ ያስተካከለ ሰው ክንዱን ሲያንቀሳቅስ መልሶ ያበላሸዋል። ቡሎኖቹ ዓመታት ሳይነኩ ከቆዩ ዝገው ከጎሚኒው ጋር ስለሚጣበቁ ከቀጠሮው ጥቂት ቀን በፊት ዘይት ማጠጣት ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ወደ ዳምፐሩ። መሪ ከእጅ እስኪያመልጥ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዳምፐር መቀየር ሕመሙን ሳይሆን ጩኸቱን ማፈን ነው። አዲሱ ዳምፐር ለጥቂት ጊዜ ያፍነውና ሲደክም ይመለሳል፤ እስከዚያ ድረስ መንስኤው እየሰፋ ነው። መንቀጥቀጡን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ የላላ ነገር ነው፦ የፓናርድ ባሩ (አክስሉን በአግድም የሚይዘው ዘንግ) ቡሎን ወይም ጎሚኒው፣ የክንዶቹ ጎሚኒ፣ የታይሮድ ጫፎች፣ የጎማ ኩሽኔታ፣ ባላንሱ የወጣ ጎማ። ላንድክሩዘር ላይ በተለይ የኪንግ ፒን (መሪ ሲጠመዘዝ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ኩሽኔታዎቹ ጥብቀት ይረሳል፤ ታይሮዱን ፈትቶ መዞሪያውን በስፕሪንግ ሚዛን እየሳቡ መለካት አለበት፤ በእጅ ግምት አይሆንም። የመጀመሪያው ፍተሻ ግን ምንም መሣሪያ አይፈልግም። መኪናዋ በጎማዋ ቆማ፣ አንድ ሰው ሞተር አስነስቶ መሪውን በትንሹ ወዲያ ወዲህ ያንቀሳቅስ፤ ሌላው ከሥር ሆኖ ይይ። የሚንቀሳቀስና የማይከተል ነገር ካለ እዚያው ይታያል። ይህን ሳያዩ ዳምፐር የሚያዝዙ ሰዎች ከሻጩ በቀር ማንንም አይጠቅሙም።

ቀዳዳ አስፍቶ መበየድ። እዚህ ላይ ለስላሳ ቃል አልጠቀምም፤ ይህ ምክር ሰው ሊገድል ይችላል። ክንዱ ተቀጥቅጦ የተሠራ ጠንካራ ብረት ነው፤ የፍሬንም የጉድጓድም ጉልበት በሙሉ የሚያልፈው በእሱ ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ዙሪያው ይሳሳል፤ ብየዳው ደግሞ ከጎኑ ያለውን ብረት ባሕርይ ይለውጥና ተሰባሪ ያደርገዋል። ሲሰበር አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። ድራግ ሊንክን (ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ) እና ታይሮድን በእሳት አሙቆ ማጣመምም ከዚሁ ጋር አንድ ነው።

ጸሐፊው ወደዚህ የሄዱት ሌላ አማራጭ እኛ ከተማ አይገኝም ብለው ይመስላል፤ እንዲያ የሚል ዓረፍተ ነገርም አላቸው። ድሬዳዋ እኮ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ባቡር ሲደርስ ከወርክሾፕ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ቶርኖና ፕሬስ የሚያውቅ እጅ እዚህ ከጠፋ የት ይገኛል? ለላንድክሩዘር የተለመደው መፍትሔ ቀዳዳው ከመሃል የወጣ የካስተር ጎሚኒ ነው፤ አሮጌው በፕሬስ ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፤ እንደ ዓይነቱ 2 ወይም 3 ዲግሪ ይመልሳል። አገባቡ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አቅጣጫው ከተገለበጠ ያለውንም ካስተር ይቀንሳል፤ ግራና ቀኙ ካልተመሳሰለ ደግሞ አክስሉ ይጨነቃል። ከዚህ በላይ ከፍ ላለች መኪና የክንዱን ማሰሪያ ወደ ታች የሚያወርዱ ብራኬቶች ወይም ከነጭራሹ በአንግል የተሠሩ ክንዶች አሉ። ብራኬቱ ዋጋው ይቀላል፤ ግን ድንጋይ ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው።

ከፊትም ባሌስትራ ያላቸው የድሮዎቹ 75ቶች ሌላ መንገድ አላቸው። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ብረት ይገባል፤ የባሌስትራውን ቅጠሎች የሚያስረው ሴንተር ቦልትም በረዘመ ይቀየራል። አሉሚኒየሙን ተዉት፤ ይፈጫል። ሻክል (የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ማንጠልጠያ) አስረዝሞ ከፍ ማድረግን በተመለከተ ሻክሉ በባሌስትራው የፊት ጫፍ ከሆነ ካስተር እንደሚቀንስ፣ በኋላ ጫፍ ከሆነ እንደሚጨምር ማወቅ ይበቃል።

ካስተር መመለስ ግን በነጻ አይገኝም። አክስሉ ወደ ኋላ ሲዞር የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ይወርዳል፤ ትራንስፈሩ (ኃይልን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ግን ከፍ ብሎ ቀርቷል። የፊት ካርዳኑ ክሮቼራ (መጋጠሚያ) የበለጠ ይታጠፋል ማለት ነው። ብዙ ከፍ የተደረገች መኪና ላይ ካስተሩን ሙሉ በሙሉ ልመልስ ያለ ሰው የካርዳን ንዝረት ሊያተርፍ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ማመዛዘን አለ፤ ወይም መጀመሪያውኑ ልክ ባለ ከፍታ መቆም። እኔ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚቆመውን ሰው አከብረዋለሁ።

ከፍ ከተደረገ በኋላ መሪው ጠሞ የሚቆመውና የፊት ጎማዎቹ ወደ አንድ ጎን ገፋ ያሉት ሻንሲ ስለተጣመመ ነው የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። ፓናርድ ባሩ ከሻንሲ ወደ አክስል በአግድም የተዘረጋ ነው፤ ሻንሲው ሲነሳ ይበልጥ ይዘማል፣ የአግድም ርዝመቱ ያጥራል፣ አክስሉን በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ራሱ ይስባል። በሚስተካከል ፓናርድ ባር ይመለሳል። የመሪው መጥመም ደግሞ በድራግ ሊንኩ ርዝመት ይታረማል፤ መሪውን ነቅሎ አዙሮ መግጠም አይደለም። ለሻንሲ ቤት ገንዘብ አታውጡ።

ትክክል ያሉት ደግሞ ይህ ነው፦ አዲስ ሞላ የገባላት መኪና ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሳትሄድ የመጨረሻውን ልኬት አትውሰዱ ብለዋል። እውነት ነው፤ ሞላው ይረግጣል። እኔ የምጨምረው ከጋራዥ ሲወጡ ቶው በሜትርም ቢሆን ታይቶ ይውጣ፣ ደግሞም የጎሚኒ ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠበቁት መኪናዋ መሬት ላይ በክብደቷ ቆማ ነው የሚለውን ነው። ተንጠልጥላ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይታሰርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። አዲስ ጎሚኒ ወራት ሳይቆይ ተቀደደ ብለው የሚያማርሩ ሰዎች ዕቃውን ሳይሆን ሲጠበቅ መኪናዋ የት እንደነበረች ይጠይቁ።

ጽሑፉ ያላነሳው አንድ ነገር አለ፤ አላይመንት ባይሆንም እዚሁ መነሳት አለበት። ብዙዎቹ ላንድክሩዘሮችና ሃይሉክሶች ከኋላ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ ጭነቱን እያየ የኋላ ፍሬንን የሚመጥን ቫልቭ አላቸው። ኋላዋ ከፍ ሲል ቫልቩ መኪናዋ ባዶ የሆነች ይመስለውና የኋላ ፍሬኑን ይቀንሳል። የዘንጉ ማሰሪያ በተነሳው ልክ ካልተስተካከለ ሙሉ ጭነት ይዞ ደንገጎን የሚወርድ ሰው በአብዛኛው በፊት ፍሬን ሊወርድ ነው። የፍሬን ቱቦዎቹ ርዝመትም እግሯ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ይታይ።

ጸሐፊው በሚቀጥለው ክፍል ስለ ሰፊ ጎማና ቸርኬ እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። ከጻፉ የቸርኬውን ኦፍሴት (ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የመውጣቱን ልክ) አይዝለሉት። ቸርኬው ወደ ውጭ በወጣ መጠን የመሪ ዘንጉ መስመር መሬት የሚነካበት ነጥብና የጎማው መሃል ይራራቃሉ፤ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪው እጅ ይገርፋል፣ የኪንግ ፒንና የጎማ ኩሽኔታዎችም ያልተሠሩበትን ጉልበት ይሸከማሉ። ካስተሯ የተስተካከለች መኪና እንኳ በእንዲህ ያለ ቸርኬ እንደገና መንቀጥቀጥ ልትጀምር ትችላለች። ያኔ ለአንባቢዎቻቸው ዳምፐር ቀይሩ እንዳይሏቸው ከወዲሁ እጠይቃለሁ።